«የሰላ ነው» ያለኝ ማን ነው?

ሰው ሲያመሰግነኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ብሎ ሲያበቃ ጠረጴዛ ያላሸከመኝ፣ «ይቺ ጃኬት እንዴት ታምርብሃለች» ብሎ ለወንድሙ ሠርግ ያልተዋሰኝ ሰው አላስታውስም። ስለዚህ አያ ሽፈራው ስለ እኔ ያሉት ቃል በሽማግሌ አፍ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ኪሴን መዳበስ ነው። ጠመኔዬ አለ፣ መሐረቤም አለ። ቢሆንም ልቤ አላረፈም።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ይህ ሙያ ክፉ አመል ያስለምዳል። ሌላው ሰው ቃል ሲሰማ ትርጉሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛ ግን ቃሉን መንገድ ላይ አስቁመን «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» እንለዋለን። እኔ ደግሞ ሙያው ሳይጨመርበትም ጠርጣራ ነኝ። «እንደምን አደርክ» የሚለኝን ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አሳልፌ ሳበቃ ዞሬ አየዋለሁ፤ ምን ሰምቶ ነው ማደሬን የጠየቀው?

ማስተዋልን ያወቅኳት ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ግሼ ውስጥ ባለችው በራቤል ከተማ ነርስ ናት። እኔ መስኮት ከፍቼ ነበር፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ክፍት መስኮት ካገኘ ሳይከፍል ይሳፈራል። «ዝጋው» አለችኝ። አየር ያስፈልገኛል አልኳት። «የራስህን አየር ቤት ረስተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ለዚህ የሚሆን መልስ የመጣልኝ ደብረ ብርሃን ወርጄ ሻይ ካዘዝኩ በኋላ ነው። ለአስተናጋጇ ነገርኳት፤ «ስኳር ልጨምር?» አለችኝ።

እኔ እንግዲህ እንዲህ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ መልስ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ከማስተዋል ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ስንገናኝ ግን መልሴን አዘጋጅቼ ሄድኩ፤ እሷ ጥያቄውን ቀይራ መጣች። ለሦስተኛው ጊዜ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን መልስ ያዝኩ፤ እሷ ምንም ሳትጠይቀኝ ቀረች። እንዲህ ስትወጋኝ፣ ስመልስ፣ ስመልስ ደግሞ ስትወጋኝ፣ አንድ ቀን ላግባሽ አልኳት። «አባባን ጠይቅ» አለች። በግሼ አገር ይህ «እሺ» ማለት ነው፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ ተረጎምኩት። ሽማግሌ ከላክህ በኋላ ግን ነገሩ እስኪያልቅ እንዳትደውልልኝ፣ አባባ ፊቴን ያነባል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ይህንንም ጠረጠርኩት፤ ሆኖም ቃሏን አከበርኩ።

አባቷ አያ ሽፈራው ገብስና በግ ያላቸው፣ የሰፈር ነገር ሲወሳሰብ «እስቲ እሳቸው ይጠሩ» የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ማስተዋልን ብቻቸውን ነው ያሳደጉ። አይሆንም ካሉ ማስተዋል አባቷን አስቀይማ አትወጣም፤ ይህንን ፊት ለፊት ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ከማስተዋል ሌላ የምፈልጋት ሴት የለችም። እንግዲህ ሕይወቴ በሙሉ በአንድ ሽማግሌ «እሺ» እና «አይሆንም» መካከል ገባች ማለት ነው።

መምሬ ክንፈን ላክሁ። መምሬ ሰፈራችን ያለውን ደብር የሚያገለግሉ፣ ብዙ ትዳር ያስማሙ ቄስ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ሄዱ፤ የእነሱ ሥራ መምሬ ሲናገሩ ራስ መነቅነቅ ነው። ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። የተባሉት የሚጠበቀውን ነው፦ ቤተ ዘመድ ላማክር፣ ልጁንም ላጣራ፣ ገብሱ ሲነሳ ተመለሱ። በእኛ አገር ልጁን በተጠየቀ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል አባት፣ ልጅቱ ምን ጉድ ቢኖርባት ነው ያሰኛል። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነበርኩ።

«ሲሸኙን ግን አንድ ነገር ጣል አደረጉ» አሉ መምሬ።

«ምን አሉ?»

«ልጁ ንግግሩ የሰላ ነው አሉኝ፣ አሉ።»

በዚህ ጊዜ ነው ኪሴን የዳበስኩት። በምን ዓይነት ፊት ነው ያሉት ብዬ ጠየቅኳቸው። በራሳቸው ፊት ነዋ አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር ወይ ብላቸው፣ ፀሐይ ስለነበረ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ነበር፣ ፈገግታ ይሁን ፀሐይ አልለየሁትም አሉ። ሁለቱን ሽማግሌዎች አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቃሉን የማላውቀው ሆኖ አይደለም፤ ክፉው ነገር እንዲያውም ማወቄ ነው። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። «ልጆች፣ ይህ ቃል መጀመሪያ የቢላዋና የማጭድ ነበር። ሳለ ከሚለው ግስ ነው የመጣ። ብረቱ በራሱ አይሰላም፤ እጅ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ይፈልጋል። ቆይቶ ሰው ቃሉን ከብረት አንስቶ ለምላስ ሰጠው። የሰላ ንግግር ማለት አጭር፣ የማያወላውል፣ ያለመበት ቦታ የሚደርስ ንግግር ነው» እላለሁ። ተማሪው ይጽፋል። በጥሩ ድርሰት ግርጌም «አገላለጽህ የሰላ ነው» ብዬ ስጽፍ ምስጋና መሆኑ ነው። ነገር ግን ጥቁር ሰሌዳ ሌላ፣ የአማት ደጅ ሌላ። ቢላዋው ሰላ ሲባል ደስ የሚለው ባለ ቢላዋውን ነው፤ በጉን ማንም አልጠየቀውም።

መምሬን ደግሜ ብጠይቃቸው ግዕዙን አመጡልኝ። «በሊኅ ይባላል። ለምላጭም ለምላስም ይሆናል። ምላጭ ራሱን ለሚላጭ ሰው መልካም ነገር ነው። ጉሮሮው ላይ ላረፈበት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። አያ ሽፈራው ምላጩን የት ላይ አድርገው እንዳዩት እኔ በምን አውቃለሁ?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ቄስ ከጠየቁ የሚያገኙት ይህንን ነው።

ከዚያ ከቃሉ ወጥቼ ወደ ባለቤቱ ዞርኩ። «አሉኝ» ነው ያሉት። እነማን ናቸው ያሏቸው? እኔን ራቤል ድረስ ያደረሰኝ አፍ የማን ነው?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አከራዬን እትዬ አሰገደችን ነው። የእህታቸው ልጅ ግሼ ነው የተዳረች። አንድ ጊዜ ምሳ አቅርበውልኝ «እትዬ፣ ይህ እኮ ሽሮ አይደለም፣ የሽሮ ወሬ ነው» ብያቸው ነበር። ያን ቀን ሳቁ። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ግን የሳቀው ጥርሳቸው ብቻ ነበር። ሽንኩርት ሲከትፉ ጠብቄ ሄድኩና፣ ለመሆኑ የእኔን አነጋገር እንዴት ያዩታል አልኳቸው። ቢላዋውን አቁመው አዩኝ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ይህ መልስ ነው? ንጹሕ ሰው «ምን አጠፋሁ» አይልም።

ቀጥሎ ጌታነህን ያዝኩ። ጌታነህ ሒሳብ ያስተምራል፤ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምንቀመጥ። ባለፈው ግምገማ ላይ እድል ሲሰጠኝ «ጌታነህ ሲያስተምር ለሁሉም ይገባል፤ ከተማሪዎቹ በስተቀር» ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ እየጻፈ ነበር። ሰው በራሱ ላይ የተቀለደውን ለምን ይጽፋል? ጠጋ ብዬ፣ ስለ እኔ የጠየቀህ ሰው አለ ወይ አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ቢጠይቀኝማ የምለው ብዙ ነበረኝ አለኝ። የምለው ብዙ ነበረኝ! ይህንንም መዘገብኩ፣ በልቤ ማለቴ ነው።

ጸጉር አስተካካዬንም ልጠይቀው አስቤ ነበር። «ስማ እንጂ፣ ስለ እኔ ምላስ...» ብዬ ስጀምር ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። የመምሬ ነገር ትዝ አለኝና ጥያቄውን ዋጥኩት።

በአጭሩ የማልጠረጥረው ሰው ጠፋ። በመሐል ሜዳ ከዋናው መንገድ እስከ ገበያው ድረስ አንዳንድ ቃል ያልወረወርኩበት ሰው እንደሌለ የተረዳሁት ያን ሰሞን ነው። ለመሆኑ እኔ፣ መልስ ከሻይ በኋላ የሚመጣልኝ ሰው፣ ይህንን ሁሉ ስል ከየት አመጣሁት? ጥያቄው ለአፍታ መጣብኝና ሌላ ሰው ስጠረጥር ረሳሁት።

መላ መታሁ። ገብሱ እስኪነሳ ጊዜ አለ። አያ ሽፈራው ያጣራሉ። ሲያጣሩ ታዲያ ለስላሳ ሰው ማግኘት አለባቸው። ቢላዋ ማዶልዶም የፈለገ ሰው ድንጋይ ድንጋዩን ይከትፍበታል፤ ምላስ ማዶልዶም ለፈለገ ደግሞ «እሺ» የሚባል ቃል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ለምንም «እሺ» ልል ከራሴ ጋር ተማማልኩ።

እትዬ አሰገደች ሽሮ አቀረቡ። እጅዎ ይባረክ አልኩ። በማግስቱም ያንኑ አቀረቡ፤ ያንኑ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ያምሃል?» አሉ። ደኅና ነኝ ብላቸው አላመኑም፤ የእኔን አመል የሚያውቅ ሰው ሽሮ ሳመሰግን ሰምቶ እንዴት ደኅና ነው ይበል? በጠዋት በር አንኳኩተው በጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። መጠመቅ አለብህ አሉኝ። እሺ አልኩ። የመንዝን ጠዋት የማታውቁ ሰዎች አትፍረዱብኝ፤ ውርጩ ገና ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ እኔ ደጅ ላይ ቁምጣ ለብሼ ቆሜአለሁ፣ እሳቸው ከላይ ያፈሱታል። ጥርሴ ሲንገጫገጭ «ይኸው፣ ሊለቀው ነው» አሉ።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ሆነ። አጥር የሚያሳጥር ኮሚቴ ይመረጥ ሲባል ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ፤ እሺ አልኩ። የመጸዳጃ ቤት ጽዳት የሚከታተል ሲባል እሺ አልኩ። መረብ ኳስ የሚያሰለጥን ጠፋ ተባለ፤ በሕይወቴ ኳስ የነካሁት ጭንቅላቴን ስትመታኝ ብቻ ነው፣ እሺ አልኩ። ጌታነህ ከጎኔ ሆኖ ጎን ጎኔን ያየኛል። ለሰላምታዬ መልስ መስጠት ሁሉ ተወ። አንድ ቀን ለብቻዬ አግኝቶኝ «ንገረኝ፣ ርዕሰ መምህር ልትሆን ነው አይደል?» አለኝ። እኔ እሱን ስጠረጥር እሱ እኔን እየጠረጠረ ነበር።

ገበያ ወረድኩ፤ ብርዱ ከጠበሉ በኋላ አልለቀኝ ብሎ ባና ልገዛ ነበር። ሻጩ ዋጋውን ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሰውዬው ደነገጠ። መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር ባና ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሌባ ነው። ብሬን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፣ አገላበጠው፣ ለጎረቤቱም አሳየው። ባናው ደግሞ ቤት ወስጄ ስለብሰው ራሴን ሲሸፍን እግሬ ይወጣል፣ እግሬን ሲሸፍን ራሴ ይወጣል። ልመልስ ብል ክርክር ነው፤ ክርክር ደግሞ ስለት ነው። ተጣጥፌ ተኛሁ።

እነዚህ ሁሉ ምንም አይደሉም። ያጠፋኝ የበጉ ነገር ነው።

በገበያ ቀን ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ጋቢ የደረቡ፣ በጎች የሚነዱ አንድ ጎልማሳ ሰው መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ። ከግሼ ነው የመጣሁ አሉኝ። ጆሮዬ ቆመ። መምህር ነህ ወይ አሉኝ። እሺ... ማለቴ አዎ አልኩ። አገርህ የት ነው አሉኝ። ሚስት አለህ አሉኝ። ያለ ጉዳዩ ሰው የሚያውቀውን ሰው እንኳ እንዲህ አይመረምርም፤ የአያ ሽፈራው አጣሪ ናቸው፣ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም አልኩ። ወገቤን አቀናሁ፣ ድምፄን አለሰለስኩ። ሰውዬው ሻያቸውን ጨርሰው፣ እህል ቀምሼ እስክመለስ እነዚህን በጎች ትይዝልኛለህ አሉኝ።

ፈተና ነው! ደስ ብሎኝ «እሺ» አልኩ። ገመዱን እጄ ላይ አደረጉልኝና ሄዱ። ሲሄዱ በዚያው ዘመድ አግኝተው ጠላ ቤት ገቡ። በጎቹ ከእኔ ጋር ስላልተዋወቁ አንዱ ወደ ጎመን ተራ፣ አንዱ ወደ ልብስ ተራ ይጎትተኛል። ተማሪዎቼ ያልፋሉ፤ መጀመሪያ ለእኔ «እንደምን ዋሉ መምህር» ይላሉ፣ ቀጥለው በጎቹን ያያሉ፣ ቀጥለው ይሮጣሉ። ጌታነህ መጣና ሥራ ቀየርክ ወይ አለኝ። እሺ አልኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውዬው ፊታቸው ቀልቶ ተመለሱ። ገመዱን ተቀብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «እንዳንተ ያለ ገራም ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ገራም! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አመስግኖኝ ኪሴን ሳልዳብስ ቤቴ ገባሁ።

ገብሱ ተነሳ። መምሬ ክንፈና ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና ወደ ራቤል ተነሱ። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እንኳን ደጃፉ ሰፈሩ ውስጥ መታየቱም ነውር ነው። ይህንን አውቃለሁ። ግን መምሬ ከሰሙት ግማሹን፣ ከገባቸው ደግሞ ሩቡን ነው የሚነግሩኝ፤ ፊት ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ጭራሽ አያዩም። ስለዚህ እነሱ በሚኒባስ ሲሄዱ እኔ በጭነት መኪና ቀደምኳቸው። ከአያ ሽፈራው ግቢ ውጪ የድንጋይ ካብ አለ፣ ከካቡ ጀርባ የገለባ ክምር አለ፤ በሁለቱ መካከል ገብቼ ተጎነበስኩ። ሽማግሌ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ቃል ሳይሰጠው ቤት ገብቶ አይቀመጥምና ነገሩ ሁሉ ደጅ ላይ እንደሚነገር አውቃለሁ። ይህን ያህል ብልሃት ያለው ሰው ውሻ መኖሩን እንዴት እንደረሳ አትጠይቁኝ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። ሰላምታው ረዘመ፤ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ጤናው፣ የሞቱት ሰዎች ነፍስ። በመጨረሻ አያ ሽፈራው ወደ ነገሩ ገቡ።

«መምሬ፣ አላስቀይምዎም» ሲሉ ሰማሁ። «ያን ጊዜ ልጁ የሰላ ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ ሳጣራ ሌላ ሰው ነው ያገኘሁ። ለሁሉ ነገር እሺ ነው የሚል አሉ። አንድ በግ ነጋዴ ገመድ ቢያስይዘው፣ ለምን ሳይል ቀኑን ሙሉ በግ ይዞ ቆሞ ዋለ አሉ። እንግዲህ ለሁሉ እሺ የሚል ሰው፣ ነገ ልጄን የሚገፋ ቢመጣ ለእሱም እሺ ይላል። እኔ ነገ የለሁም። እሷን ለማን ነው የምተዋት? ይቅርብን።»

ይቅርብን። ምላሴን ያን ያህል የደበቅኩት ለዚህ ነበር? መምሬ የሆነ ነገር እያሉ ነበር፣ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፤ ግን ከቄስ ይልቅ ቅርብ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። የውሻው ስም ቸሩ ነው፤ በኋላ ነው ያወቅኩት። ከጀርባዬ መጥቶ ሱሪዬን ያዘ።

ካቡን የዘለልኩት እኔ ነኝ ወይስ ፍርሃቴ፣ አላውቅም። ግቢው መሐል ወድቄ ስነሳ ጸጉሬ ላይ ገለባ፣ ሱሪዬ ላይ ቸሩ ነበሩ። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው እንደማያውቁኝ ሰው ወደ ተራራው ማየት ጀመሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን መነቅነቅ አቆሙ። አያ ሽፈራው ውሻውን በአንድ ቃል አስቆሙት። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከካብ ጀርባ የሚያደምጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ የመንግሥት ሰው ነው» አሉ። «አንተ የትኛው ነህ?»

ምን ልበል? እሺ ብል ሌባ ነኝ ማለት ነው። ደግሞስ ከእንግዲህ የምሸሽገው ምን ቀረኝ? ማስተዋል እንደሆነች ከእጄ ወጥታለች።

«አባቴ፣ ሌባ ውሻ መኖሩን አጣርቶ ነው የሚመጣ» አልኳቸው። «የመንግሥት ሰው ደግሞ አበል ሳይታሰብለት እዚህ ብርድ ላይ አይጎነበስም። እኔ ልጅዎን የምፈልገው ሰው ነኝ።»

ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ ይሁን ፀሐይ እኔም እንደ መምሬ አልለየሁትም።

«ለሁሉ ነገር እሺ ትላለህ አሉ» አሉኝ።

«ለሁሉም አልልም።»

«ለምኑ አትልም?»

«አሁን ይቅርብን ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእሱ እሺ አልልም።»

አያ ሽፈራው ወደ መምሬ ዞረው፣ ይህ ልጅ ሁለት ሰው ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። መምሬ ከተራራው ተመልሰው፣ አንድ ነው፣ ሰሞኑን ብቻ አሞት ነበር አሉ። አያ ሽፈራው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግቡ አሉ። ግቡ ማለት በዚያ ደጅ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ መምሬ መስቀላቸውን አወጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፉን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ስደርስ አመሌ ያዘኝ። አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ አልኳቸው። የሰላ ነው ያለዎት ማን ነው? አከራዬ ናቸው? ሒሳብ መምህሩ ነው?

«እነሱ እነማን ናቸው?» አሉ ግራ ገብቷቸው። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ውስጥ ቀና አደረጉ። ማስተዋል ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ፊቷን ግን እኔም ማንበብ ጀምሬአለሁና እየሳቀች እንደሆነ አወቅኩ። «ይቺ ናት ያለችኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ብላት፣ ንግግሩ የሰላ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አሉኝ አሉ?» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ሽማግሌ ፊት ቆሜ፣ ልጄ ስለ ወንዱ እንዲህ ነገረችኝ ልበል?» አሉ ተቆጥተው። «አባት እኮ አሉኝ ነው የሚል።»

እውነታቸውን ነው። እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ፣ ይህንን ወግ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው፣ አንዲት ሴት ልጅ ለአባቷ የተናገረችውን ነገር ለማግኘት ከተማውን በሙሉ ተጠራጥሬ፣ በጠበል ተነክሬ፣ በግ ይዤ ቆሜ ዋልኩ። ግን አያ ሽፈራው አልጨረሱም ነበር።

«ስል ነገር ቤቴ ሲገባ እኔ ጠያቂ ነኝ» አሉ። «ቢላዋ በራሱ አይሰላም። እንዲህ አድርጎ የሳለው ድንጋይ ማነው ብዬ ጠየቅኳት።»

«ምን አለችዎ?»

«አፍ አላት፣ ትንገርህ።»

ማስተዋል ማንቆርቆሪያውን ወደ እጄ አዘነበለች። «እኔ ነኛ» አለች።

እጄን እየታጠብኩ የሚኒባሱ መስኮት ትዝ አለኝ። የረሳሁት አየር፣ ከሻይ በኋላ የመጣው መልስ፣ ተዘጋጅቼ ሄጄ ሳልጠየቅ የቀረሁበት ቀን። በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ይፈልጋል እያልኩ አስተምራለሁ፤ እኔ የማን ድንጋይ ላይ ስመላለስ እንደኖርኩ ግን አልጠየቅኩም ነበር። ውሃው በረዶ ነው። አልተሰማኝም።

ተጋባን። ቃሉን አሁንም አስተምራለሁ፤ ተማሪው አሁንም ይጽፋል። የትኛው ድንጋይ ነው ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ እስካሁን የለም።

ይህንን ጽፌ ስጨርስ ለማስተዋል አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ጥሩ ነው። የሰላ ነው» አለች።

ኪሴን ዳበስኩ።

«የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለች።